ነፋስ የማይገባበት በርሜል

የእህቴ ባል በር ሠሪ ነው። የብረት በርና መስኮት ይበይዳል፤ አንዳንዴም የዳቦ ቤት ምድጃ በር ይሠራል። ጸጉሩ የሸበተው በዚሁ ሥራ ላይ ነው። ይሁንና የሠራው በር ተንቋቋ ወይም አልገጥም አለ ተብሎ ተመልሶ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። ሰፈሩ «ነፋስ አይገቤ» የሚል ስም አውጥቶለታል፤ ሲያሳጥሩት «ጋሽ አይገቤ» ይሉታል። እሱም ስሙን ይወደዋል።

በር ገጥሞ ሲጨርስ የሚያደርጋት ነገር አለች። መሣሪያውን ይሰበስባል፣ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፣ የቤቱን ሰዎች አንድ ሳያስቀር ይጠራል። ከዚያ በሩን ዘግቶ ክብሪት ይጭርና ነበልባሉን በመዝጊያውና በመቃኑ መጋጠሚያ ዙሪያ ቀስ አድርጎ ያዞረዋል። ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ከቆመ «አለቀ» ይላል። ትንሽ ዘንበል ካለ ግን በሩን ነቅሎ ይዞት ይሄዳል። ባለቤቶቹ «ኧረ ይበቃል፣ ጥሩ ነው» ቢሉትም ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። «ዛሬ ነበልባል ያዘነበለ በር ነገ ብርድ ያስገባል» ይላል።

እህቴ ደግሞ ዕድሜዋን በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነው የጨረሰችው። እኔ «እትዬ» እላታለሁ፤ ታናሿ ነኝ። ቀን ለተማሪው ታበስላለች፤ ማታ ለቤቷ። እንግዳ ሲመጣ ለእንግዳው፣ ሰው ሲታመም ለታማሚው። ከሰው ጋር ተቀምጣ ስትበላ ግን አይቻት አላውቅም። ሁሉም በልቶ ሲያበቃ የተረፈውን በሳህን ታደርግና የዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ቆማ፣ ቀዝቅዞ፣ በችኮላ ትጎርሰዋለች። «ምነው ትኩስ ሳለ ብትበዪ?» ያላት ሰው ካለ መልሷ ያው ነው።

«እኔ ቀዝቃዛ ነው የምወደው።»

ባሏ ይህን አምኖ ነው የኖረው። ሰውዬው ቅን ነው፤ የተነገረውን ያምናል።

ጡረታ የምትወጣበት ጊዜ ሲደርስ፣ ዘመድ፣ ጎረቤትና የሥራ ባልደረቦቿ እሑድ ቀን ቤቷ ምሳ ሊበሉ ተስማሙ። እኔም በዚያ ሰሞን እራት ላይ ነበርኩ። እህቴ የትኛው ድስት ለምን እንደሚሆን በጣቷ ጠረጴዛው ላይ እየሣለች ታወራለች።

«እማዬ፣ ለገዛ ጡረታሽ ራስሽ ልታበስዪ ነው?» አለቻት ልጇ።

«ታዲያ ማን ያብስልልኝ? አባትሽ?»

ሁላችንም ሳቅን። የሳቅነው ያለ ምክንያት አይደለም። የእህቴ ባል አንድ ጊዜ እንቁላል ሊቀቅል ጥዶ፣ ወሬ ይዞት፣ ውሃው አልቆ፣ እንቁላሉ ፈንድቶ፣ ድስቱ ከምድጃው ጋር ተጣብቆ ተገኝቷል። እህቴ ይህን ስታነሣ «ያለ ኤሌክትሪክ የሚበይድ እሱ ብቻ ነው» ትላለች።

እሱ ግን አልሳቀም። የያዘውን ዳቦ አስቀመጠና «አዎ፣ እኔ» አለ።

ነገሩ ለካ ቀደም ብሎ በልቡ ውስጥ ገብቶ ኖሯል። አንድ ሆቴል የጓሮ በር ሊገጥም ሄዶ ሳለ፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ የቆመ በርሜል ያያል። በርሜሉ ውስጥ ከታች ከሰልና እንጨት ይጨሳል፤ ከላይ ሥጋ ተጋድሞ በዚያ ጭስና ሙቀት ቀኑን ሙሉ ቀስ ብሎ ይበስላል። የሆቴሉ ምግብ አብሳይ ቆርሶ አቀመሰው። ያንን ቁራሽ ሲያወራልን ዓይኑ ርቆ ሄደ።

«ቢላ አያስፈልገውም» አለን። «በጣትህ ስትነካው ራሱ ይለቅልሃል። ግን በርሜሉ… በርሜሉስ ይቅር። ታቹ ተበሳስቷል፤ አናቱ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ቧንቧ ቆሟል። ጭሱ በየት በኩል እንደሚወጣ ብታዩት። ሰውዬው የሚያጨሰው ሥጋውን ነው ሰማዩን? እኔ ብሠራው አንዲት ክር ጭስ አታመልጥም።»

«አንተ ልታበስል» አለች እህቴ፣ በደንብ የሰማች መሆኗን ለማረጋገጥ።

«እኔ።»

«እኔስ ምን ልሠራ ነው?»

«ትቀመጫለሽ።»

«የት?»

«ወንበር ላይ ነዋ። ግቢው መካከል። ምግቡ እስኪቀርብልሽ አትነሺም። ምክርም አትሰጪም።»

«ብነሣስ?»

«ከተነሣሽማ ተሸነፍኩ። በርሜሉን ለብረት ለቃሚ እሰጠዋለሁ፤ እዚህ ቤት ስለ ምግብ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም።»

«ካልተነሣሁስ?»

 ያስቀመጠውን ዳቦ መልሶ አነሣ።

«ካልተነሣሽ ትበያለሽ» አላት። «ከሁሉ ቀድመሽ። ትኩሱን።»

እህቴ ጨርቅ አንሥታ ንጹሑን ጠረጴዛ ወለወለች። ከዚያ «እሺ፣ አፌንም እዘጋለሁ» አለች፣ «እንደ በርህ።»

በማግስቱ በርሜል ይዞ መጣ። የምግብ ዘይት የነበረበት ጠንካራ በርሜል ነው። ክዳኑን ቆርጦ ውስጡን እሳት ለቀቀበትና አሮጌውን ቀለምና ዘይት አቃጠለለት። ክዳን የሌለው በርሜል እሳት ሲበላ እንዴት እንደሚያገሳ ያየ ያውቀዋል። ጎረቤቶች በአጥር ላይ አንገታቸውን አስግገው አዩ። እሱ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ «እሳቱማ ምን ይወጣለታል» ይላል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ የሠራው ግን እንደ በር ሠሪ ነው። ሆዱ ላይ ከሰል መጨመሪያ በር አወጣለት። በሩ ሁለት ማጠፊያና መቀርቀሪያ አለው፤ መቀርቀሪያው ሲዘጋ «ቀጭ» ይላል።

«አባዬ፣ መቀርቀሪያው ሥጋው እንዳያመልጥ ነው?» አለችው ልጁ።

«ሳቂ አንቺ።»

ውስጡ ከታች የከሰል ቅርጫት አስቀመጠ፤ ከፍ አድርጎ ፍርግርግ አሳረፈ። ክዳኑን በማጠፊያ ሰቅሎ የእንጨት እጀታ አበጀለት። በክዳኑና በትንሿ በር ዙሪያ ደግሞ ለዳቦ ቤት ምድጃ በር የሚሆነውን፣ ሙቀት የሚችለውን ወፍራም ገመድ አስገባበት። ውጪውን ጥቁር ቀለም ቀባው። እንዲህ ያማረ በርሜል አይቼ አላውቅም። ሲሠራ ያላየው ሰው ባንክ ቤት የሚቀመጥ ካዝና ነው ሊለው ይችላል።

ቅዳሜ ሁላችንንም ጠራን። ልማዱ ነውና ክብሪት ጫረ። በክዳኑ ዙሪያ አዞረው፣ በትንሿ በር ዙሪያ አዞረው። ነበልባሉ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አለቀ» አለ።

እህቴ በወጥ ቤቱ መስኮት ታይ ነበር። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሽው ሲል አየሁ፤ ግን ቃል ገብታለችና መጋረጃውን መለሰችው።

እሑድ ጠዋት ሳሎን የነበረውን ባለመደገፊያ ሶፋ አውጥተን ከዛፉ ጥላ ሥር አስቀመጥነው። እህቴ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ መጥታ ተቀመጠች። እጇን የምታደርግበት ጠፍቷት አንዴ ጉልበቷ ላይ፣ አንዴ መደገፊያው ላይ ታሳርፈዋለች።

«ይመቻል?» አላት ባሏ።

«እንደ ጥርስ ሐኪም ወንበር» አለችው።

ሥጋውን ጨውና ቁንዶ በርበሬ አሽቶት አድሮ ነበር። ከሰሉን ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ ለኮሰ፤ ፍም ሆኖ ቀላ። ለመዓዛው ከጎረቤት የተገረዘ የብርቱካን ዛፍ ጭራሮ ጣል አደረገበት። ሥጋውን ፍርግርጉ ላይ አጋደመ። ክዳኑን ዘጋ፣ መቀርቀሪያውን «ቀጭ» አደረገ፣ ጉንጩን ወደ ገመዱ አስጠግቶ ጭስ መኖር አለመኖሩን መረመረ።

«አንዲት ክር የለም» አለኝ ደስ ብሎት። «አየህ? ሁሉም ለሥጋው ነው።»

ጠበቅን። እንግዶች አንድ ሁለት እያሉ መጡ። የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት አለቃ የነበረችው ሴትዮም መጣች። በጭልፋ እየጠቆመች ታዝዝ ስለነበር የሥራ ሰው ሁሉ «አለቃ ጭልፋ» ይላታል። እህቴን ሶፋ ላይ ስታያት ደነገጠች።

«አንቺ ልጅ፣ አሞሻል?»

«ደህና ነኝ። ባሌ እያበሰለ ነው።»

አለቃ ጭልፋ ወደ በርሜሉ ዞረች፣ ወደ ባልየው ዞረች፣ ተመልሳ ወደ እህቴ ዞረች። «ይህን ሳላይ ሞቼ ቢሆን ኖሮ» አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ከቆይታ በኋላ የእህቴ ባል ክዳኑን ከፈተ። ሁላችንም ጠጋ አልን። ሥጋው እንዳስገባነው ነው። ከሰሉ ጥቁር ሆኖ ጠፍቷል።

«ከሰሉ እርጥብ ነው» አለ።

ከጎረቤት ሌላ ከሰል መጣ። ለኮሰው፤ ቀላ። ዘጋው፤ ጠፋ።

«የዚህ ሰፈር ከሰል ሁሉ እርጥብ ነው።»

በሦስተኛው የልጁን የፀጉር ማድረቂያ አስመጣ። ትንሿን በር ከፍቶ፣ ተንበርክኮ፣ ማድረቂያውን ወደ ከሰሉ ለቀቀው። እሳቱ ተነሣ፣ አጓራ፣ ግቢው ጮቤ ረገጠ። እሱም ላቡን ጠረገና በኩራት በሩን «ቀጭ» አደረገው።

«አሁን እሳቱ ይሞታል» አለች አለቃ ጭልፋ ለእህቴ በጆሮዋ።

«ዝም በይ። ምክር ክልክል ነው።»

ሞተ።

«አባዬ፣ ታዲያ በሩን ክፍቱን ተወዋ» አለችው ልጁ።

«ክፍቱን ከተውኩት በር ለምን ሠራሁለት?» አላት። እውነትም አጥጋቢ መልስ የሰጠ መሰለው።

የምሳ ሰዓት ደረሰ። ልጆች ዳቦ እየገመጡ ወደ በርሜሉ ማየት ጀመሩ። አንድ ጎረቤት ለሌላው «ቤት ምን አለን?» ሲል ሰማሁ። የእህቴ ባል በርሜሉ ፊት እጁን አንጠልጥሎ ቆሟል። እዚያ ቆሞ ሳየው አንጀቴን በላኝ። ያ ሰው ለአንድም ደንበኛ ያልገጠመ በር አስረክቦ አያውቅም፤ የገዛ ሚስቱን ግን እንግዶቿ ፊት በባዶ ሳህን ሊያስቀምጣት ነው።

እህቴም አየችው። የሶፋውን መደገፊያ በሁለት እጇ ጨበጠች። ከወንበሩ ስንዝር ያህል ብድግ አለች።

 ወጥ ቤቱ ቅርብ ነው፣ ድስቶቹ ንጹሕ ናቸው፣ እጇ ደግሞ ሥራውን ያውቀዋል። ብትነሣ በአጭር ጊዜ ሁላችንንም እንደምታጠግብ ሁላችንም እናውቃለን። እሱም ያውቃል። ወደ መሬት አየ።

እህቴ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ምን አፈጠጣችሁ?» አለችን። «ቀሚሴን ላስተካክል ነው።»

ከዚያ ባሏን ጠራችው። «አንተ ሰውዬ፣ ክብሪትህን ስጠኝ እስቲ።»

ሰጣት። አጠገቧ ካለው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ባዶ ብርጭቆ አነሣች። ክብሪቱን ጫረችና ብርጭቆው ውስጥ ጣል አደረገችው። ነበልባሉ ደምቆ ይነድዳል። እጇን ብርጭቆው አፍ ላይ ጥብቅ አድርጋ ከደነችበት። ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ልክ እሱ እንደሚወደው። ከዚያ አነሰ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ ጠፋ። የክብሪቱ እንጨት ገና ግማሹ አልነደደም ነበር። ብርጭቆው ውስጥ ትንሽ ነጭ ጭስ ብቻ ቀረ።

እህቴ ብርጭቆውን ወደ ቦታው መልሳ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። 

የእህቴ ባል ብርጭቆውን አየ። በርሜሉን አየ። ብርጭቆውን ደግሞ አየ። ከዚያ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሳይ የሚያለቅስ መስሎኝ ተጠጋሁ። ለካ ድምፁ እስኪጠፋ እየሳቀ ነው።

«አፈንኩት» አለኝ፣ ትንፋሽ ሲያገኝ። «በገዛ እጄ አፈንኩት። የሆቴሉ ሰውዬ… እኔ ቀዳዳውን ዝገት የበላው መስሎኝ…»

«ይሄማ ምክር ነው!» አለ ከጎረቤቶቹ አንዱ። «ተሸነፈች።»

«ምን ተናገርኩ?» አለችው እህቴ። «ክብሪት ጫርኩ። በገዛ ግቢዬ ክብሪት መጫርም ተከለከለ?»

«ከወንበሯም አልተነሣችም፣ ምክርም አልሰጠችም» ስትል አለቃ ጭልፋ ፈረደች። ጭልፋ ባይኖራትም በጣቷ ጠቁማ ነው የፈረደችው፤ ይግባኝ ያለ የለም።

«መሰርሰሪያውን አምጡልኝ» አለ የእህቴ ባል።

ሥጋውን አውጥተን ሸፈንነው። ከበርሜሉ ታች በጠመኔ ምልክት አደረገ። መሰርሰሪያውን አስጠግቶ ግን ቆመ። ጥቁሩን ቀለም በአውራ ጣቱ ዳበሰው። የጨረሰውን ሥራ ሲበሳ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ለቁልፍስ ትበሳ የለ?» አልኩት ላበረታታው።

«ቁልፍ ሌላ ነው» አለኝ። ቀና ብሎም «የውጪውን በር ዝጉት፣ ደንበኛ እንዳያየኝ» አለ።

በሳው። ታቹን ዙሪያውን በሳሳው፤ አናቱን ቀዶ የተረፈ ቧንቧ ተከለበት። ያ የተሳለቀበት የሆቴል በርሜል ትክክለኛ ወንድም ሆነ። ግን በዚያ አልተወውም። ተፈጥሮው አይደለማ። ለእያንዳንዱ ቀዳዳ ከቁርጥራጭ ላሜራ፣ በአንድ ብሎን ላይ እየዞረ የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽዬ በር ሠራለት።

እሳቱ እንደገና ተለኮሰ። ሥጋው ገባ። ክዳኑ ተዘጋ። የእህቴ ባል ክብሪት ጫረና መሬት ላይ በሆዱ ተኝቶ ነበልባሉን ወደ አንዱ ቀዳዳ አስጠጋ።

ነበልባሉ ጎንበስ አለ። ወደ ቀዳዳው ውስጥ ጎንበስ ብሎ ተሳበ።

«ገባ» አለ። ተነሥቶ ወደ ሚስቱ ዞረ፤ ደረቱ አፈር ሆኗል። «ነፋሱ ገባ!»

ግቢው አጨበጨበ። ከቧንቧው ቀጭን፣ ሰማያዊ ጭስ ወጣ፤ የብርቱካን እንጨት ሽታውም አጥር ተሻግሮ ሄደ። ካዝና ያልኩት የበርሜሉ ጥብቀትም ያኔ ጥቅም ሰጠ። የታቹን አንዲት በር ትንሽ ሲያጠብ እሳቱ ዝቅ ይላል፤ ትንሽ ሲከፍት ቀና ይላል፤ በሌላ በየትም በኩል ሰርቆ የሚገባ ነፋስ የለም። እንደ ለመደ በቅሎ ታዘዘለት። እሱም ከዚያ በኋላ ከአጠገቡ አልራቀም። አንዲቷን በር በጣቱ ገፋ፣ ሌላዋን ሳብ እያደረገ ብቻውን ያወራል።

ምሳ የተባለው ነገር ግን ከሰዓት በኋላ ሆነ። የሄደ ሰው የለም። ሽታው እያለ ማን ይሄዳል? ዳቦና ሰላጣ እየቀማመስን ተረት፣ ሐሜትና የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ታሪክ ሰማን። አለቃ ጭልፋ እህቴ በሥራ የመጀመሪያ ቀኗ ስኳር ነው ብላ ጨው ሻይ ውስጥ እንደጨመረች ስትናገር፣ መልስ ጠብቀን ወደ ሶፋው ዞርን።

እህቴ ተኝታለች። ራሷን ወደ መደገፊያው ጣል አድርጋ፣ አፏን ትንሽ ከፍታ፣ ያውም በቀን። ልጇ ተነሥታ ነጠላ ልታለብሳት ሄደች፤ ሁላችንም ድምፃችንን ቀነስን።

ፀሐዩ በዛፉ ቅጠሎች ሥር ሲያዘነብል የእህቴ ባል ክዳኑን ከፈተ። ሥጋው ውጪው ጥቁር ቡናማ ሆኗል፣ ጠርዙ ያብረቀርቃል። በጣቱ ነካው። ለቀቀለት። ማንንም ሳያይ አንዱን ቁራጭ ሳህን ላይ አደረገና በሁለት እጁ ይዞ ወደ ሶፋው ሄደ።

«እመቤቴ» አላት ቀስ ብሎ። «ተነሺ። ማለቴ፣ አትነሺ። ንቂ።»

ነቃች። ሳህኑን አየች፣ ከሳህኑ የሚነሣውን እንፋሎት አየች። ከልማዷ ዙሪያውን ቃኘች።

«እናንተስ በላችሁ?»

«ማንም አልበላም» አለቻት ልጇ። «አንቺን እየጠበቅን ነው።»

ጎረሰች። የእህቴ ባል አፏን ያያል። አንድም በር ገጥሞ እንደዚያ ትኩር ብሎ ሲያይ አላስታውስም። እህቴ ማኘኳን አቆመች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ምነው? ጨው በዛ? አልበሰለም?»

ራሷን ነቀነቀች። በእጇ አፏን እያራገበች እንደምንም ዋጠችው።

«አቃጠለኝ» አለች፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም። «ትኩስ መብላት አልለመድኩማ።»

እሱ ውሃ ሊያመጣ ተነሣ። እጁን ያዘችው።

«ቁጭ በል» አለችው፤ ሶፋው ላይም ጠጋ አለችለት።